ከፍርድ በፊት ያለው ሕግ፦ የካርቱም የሕግ መምህራንና የመናገር ነጻነት

አብዱላሂ አን-ናኢም በ1976 ከኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው ካርቱም ሲመለሱ፣ በጥናታቸው የመረመሩት አንድ ሰው ከተያዘበት ሰዓት አንስቶ ክሱ በዳኛ ፊት እስኪሰማ ድረስ ያለውን የወንጀል ሥነ ሥርዓት ነበር። የእንግሊዝን፣ የስኮትላንድን፣ የአሜሪካንና የሱዳንን ሕግ ጎን ለጎን አስቀምጠው መርምረዋል። ለመያዝ ሥልጣን ያለው ማን ነው? የተያዘው ሰው መቼ ዳኛ ፊት ይቀርባል? ዋስ መጥራት የሚችለው በምን ጉዳይ ነው? በ1983፣ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ሕግ ክፍል ኃላፊ ሳሉ፣ የጸጥታ ሰዎች ያዟቸው። ክስ አልተመሠረተባቸውም፤ ዳኛ ፊትም አልቀረቡም። እስከ 1984 ታኅሣሥ ድረስ፣ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ታሰሩ። («ዓ.ም.» ተብለው ከተጻፉት በቀር፣ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሱዳን የመናገር ነጻነት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው የሃይማኖትና የነጻነት ግጭት ሆኖ ነው። አተራረኩ ሐሰት ባይሆንም ዋናውን ነገር ይስታል። ካርቱም ውስጥ ሰዎች በተናገሩት ነገር የተቀጡባቸውን መዝገቦች አንድ በአንድ ላየ ሰው፣ ጥፋቱ የሚጀምረው ከሃይማኖት ክርክሩ ቀድሞ ነው፤ ሥልጣን የሌለው ችሎት ሲፈርድ፣ ቀጠሮው ለመከላከያ ጊዜ ሳይሰጥ ሲሮጥ፣ በሥር ፍርድ ቤት ያልቀረበ ክስ ይግባኝ ላይ ሲፈጠር፣ ፍርዱን የሚያጸድቀው እጅ የከሳሹ እጅ ሲሆን። ይህን ሁሉ ደግሞ በአንድ ፋኩልቲ ያስተማሩ የሕግ መምህራን ሕይወት ውስጥ ማየት ይቻላል። አንዱ ታሰሩበት፣ ሌላው ሕይወታቸውን ሙሉ ተሟገቱበት፣ ሦስተኛው ሥልጣን ላይ ወጥተው የሚያስረውን ሥርዓት አቆሙ፤ ከዚያም ያው ሥርዓት እሳቸውንም አሰረ።

መነሻው ከሩቅ ነው። እንግሊዞች ሱዳንን በያዙ ማግስት፣ በ1899፣ ያወጡት የወንጀል ሕግና የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ የተቀዳው ለሕንድ ተዘጋጅቶ ከነበረው ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ባዕድ ታሪክ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በእንግሊዛዊው ሰር ቻርልስ ማቲው ረቂቅ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ረቂቁም ከማላያና ከሕንድ ሕጎች ብዙ ወስዷል። ካርቱምና አዲስ አበባ በዚህ ረገድ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ መርማሪ ፖሊስ፣ ጊዜ ቀጠሮ፣ የዋስትና ክርክር በሁለቱም ከተሞች የሚታወቁት ከዚሁ ምንጭ ነው። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲም ለዓመታት በእንግሊዝኛ፣ በእንግሊዝ የፍርድ ቤት ባህል ዳኞችንና ጠበቆችን ሲያወጣ ቆየ።

ከዚህ ፋኩልቲ ስማቸው ከሁሉ ገንኖ የወጣው ሐሰን አል-ቱራቢ ናቸው። ካርቱም፣ ለንደን፣ ከዚያ ፓሪስ ተምረዋል፤ በሶርቦን የጻፉት የዶክትሬት ጥናት መንግሥት በአስቸኳይ ጊዜ ስለሚይዘው ልዩ ሥልጣን ነበር። በ1964 ሲመለሱ ሱዳን በጄኔራል ኢብራሂም አቡድ ወታደራዊ አገዛዝ ሥር ነበረች። በዚያ ዓመት በዩኒቨርሲቲው ስለ ደቡብ ሱዳን ጦርነት በተደረገ ውይይት ላይ፣ መፍትሔው ወታደሩ ሥልጣን ለቆ ዴሞክራሲ ሲመለስ እንደሆነ በአደባባይ ተናገሩ። ጥቅምት 21 ቀን ተማሪዎች ሌላ ውይይት ሲያደርጉ ፖሊስ ተኮሰ፤ አሕመድ አል-ቁረሺ የተባለ ተማሪ ተገደለ። ሱዳናውያን የጥቅምት አብዮት የሚሉት ሕዝባዊ ንቅናቄ ከዚያ ተነስቶ አቡድን ከሥልጣን አወረደ። የሱዳን የመጀመሪያው ሕዝባዊ አብዮት መነሻ፣ ተማሪዎች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው የመናገር መብታቸው ነበር።

ዓመት አለፍ ሲል ሌላ ፈተና መጣ። በ1965 መጨረሻ ኮሚኒስት የተባለ አንድ ተማሪ በስብሰባ ላይ የነቢዩን ቤተሰብ የሚያንቋሽሽ ነገር ተናገረ ተባለ። ተናጋሪው ግለሰብ ነው፤ ወንጀል ከሆነ የሚጠየቀውም እሱ ራሱ መሆን ነበረበት። የሕገ መንግሥት ጉባኤው (የጊዜው ፓርላማ) ግን ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ የኮሚኒስት ፓርቲን አገደ፤ የተመረጡ እንደራሴዎቹንም አስወጣ። በ1966 ታኅሣሥ የካርቱም ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማሻሻያው መሠረታዊ መብትን ስለሚጥስ ዋጋ የለውም ሲል ፈረደ። የጠቅላይ ሚኒስትር ሳዲቅ አል-መሕዲ መንግሥት ፍርዱን ሊፈጽም አልወደደም፤ ዋና ዳኛው ባቢከር አወደላ ሥራቸውን ለቀቁ። ቱራቢ በዚህ ጊዜ በብዕራቸው ቆመው የተከራከሩት ለጉባኤው ሥልጣን ነው። ለተማሪዎቹ አዳራሽ የተሟገቱት የሕግ መምህር፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት የመብት ድንበር ማስመር አይችልም ወደሚለው ወገን ተሻግረው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን ብዙ ነገር ለመረዳት ይህን ጉዞ ማየት ይጠቅማል።

አን-ናኢም ያን ጊዜ የዚያው ፋኩልቲ ተማሪ ነበሩ። ከካርቱም በስተ ሰሜን በዓባይ ዳር ባለች መንደር በ1946 የተወለዱት ወጣት፣ እምነታቸውና የሚማሩት ሕግ አልታረቅ ብሎ ያስጨንቃቸው እንደነበር ኋላ ላይ በተደጋጋሚ ተናግረዋል። መፍትሔ ያገኙት ከአንድ መሐንዲስ ነው። ማሕሙድ መሐመድ ጣሃ የሩፋዓ ሰው ናቸው፤ በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ምሕንድስና ተምረዋል፤ በ1945 የሪፐብሊካን ፓርቲን መሠረቱ፤ በ1946 እንግሊዞች አሰሯቸው። ትምህርታቸው በአጭሩ ሲነገር፣ በመካ የወረደው የቁርኣን ክፍል የእኩልነትና የነጻነት ዘላለማዊ መልእክት ነው፤ በመዲና የወረደው የሕግ ክፍል ደግሞ ለዘመኑ የተሰጠ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ሕግ መሠራት ያለበት በመካው መልእክት ላይ ነው የሚል ነበር። ተከታዮቻቸው፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ በካርቱም ጎዳናዎች መጽሐፍ እየሸጡ፣ በየማዕዘኑ እየተከራከሩ ያስተምሩ ነበር።

በ1968 ኅዳር የካርቱም ሸሪዓ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጣሃን በሌሉበት ከእስልምና የወጡ ከሃዲ ናቸው ብሎ ፈረደ። ጣሃ አልቀረቡም፤ ችሎቱ ሥልጣን እንደሌለው ገና ከመጀመሪያው አስታውቀዋል። በዚያን ጊዜ የነበሩት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚያዩት ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ውርስንና የመሳሰለውን ብቻ ስለነበር የሕግ ክርክሩ የእሳቸው ነበር። ፍርዱ ሳይፈጸም ቀረ፤ ብዙ ሰውም ረሳው። ሥልጣን ሳይኖረው የተሰጠ ፍርድ ቢረሳም መዝገብ ላይ ይቀመጣል። ይህኛው ከ16 ዓመት በላይ ተቀምጦ ሰው ገደለ።

ስለ ሪፐብሊካኖቹ ሲጻፍ የሚዘለል አንድ ሐቅ አለ። በ1969 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዙትን ጃዕፈር ኒሜሪን ለብዙ ዓመታት ደግፈዋል። የእስላማዊ ቡድኖችን ወደ ሥልጣን መምጣት ይፈሩ ስለነበር፣ ወታደሩ እነሱን እስከያዘ ድረስ ዝም ማለትን መረጡ። ስሌቱ የፈረሰው ኒሜሪ ራሳቸው ወደዚያው ጎራ ሲዞሩ ነው። ቱራቢ በ1979 የመንግሥቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። በ1983 ሪፐብሊካኖቹ የጸጥታ ሹሙንና ምክትል ፕሬዚዳንቱን ኦማር መሐመድ አል-ጠይብን የሚነቅፍ ጽሑፍ አወጡ፤ ጣሃ፣ አን-ናኢምና ሌሎች በርካታ መሪዎች ታሰሩ። እነሱ እስር ቤት ሳሉ፣ በመስከረም ወር፣ እጅ መቁረጥንና ግርፋትን ያካተቱት የመስከረም ሕጎች ታወጁ። በ1984 ሚያዝያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከተለ፤ ፈጣን ፍትሕ ይሰጣሉ የተባሉ ልዩ ፍርድ ቤቶችም ተቋቋሙ።

ታሳሪዎቹ በ1984 ታኅሣሥ 19 ተፈቱ። በስድስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 25፣ ሪፐብሊካኖቹ አንድ በራሪ ወረቀት በተኑ። ወረቀቱ የመስከረም ሕጎች እንዲሻሩ፣ በደቡብ ያለው ደም መፋሰስ እንዲቆምና ችግሩ በሰላም እንዲፈታ ይጠይቃል። የጥሪው ጠቅላላ ይዘት ይኸው ነው። ጣሃ ጥር 5 ቀን 1985 ተያዙ። ጥር 7 ከአራት ተከታዮቻቸው ጋር ኦምዱርማን በሚገኘው ልዩ ፍርድ ቤት በዳኛ ሐሰን ኢብራሂም አል-መሀላዊ ፊት ቀረቡ። ጣሃ በአጭሩ ተናገሩ፤ ሕጎቹ እስልምናን ያጎደፉና አገሪቱን የሚከፋፍሉ መሆናቸውን፣ ዳኞቹም በሙያ ያልበቁ፣ ለመንግሥት ፈቃድ የተንበረከኩ መሆናቸውን ገልጸው ከእንዲህ ያለ ፍርድ ቤት ጋር አልተባበርም አሉ። በማግስቱ፣ ጥር 8፣ ሞት ተፈረደባቸው።

እዚህ ላይ መዝገቡን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። በሥር ፍርድ ቤት የቀረበው ክስ በወንጀል ሕጉና በመንግሥት ደኅንነት ሕጉ ላይ የተመሠረተ፣ ሕገ መንግሥቱን የማናጋትና የመሳሰሉ ወንጀሎች ክስ ነበር። ሃይማኖትን መካድ የሚል ወንጀል በ1983ቱ የወንጀል ሕግ ውስጥ በስሙ አልተጻፈም። ጥር 15 ቀን፣ በአል-ሙካሽፊ ጣሃ አል-ካባሺ የሚመራው ልዩ የይግባኝ ችሎት ፍርዱን ሲያጸና ግን ዋናው ወንጀል ክህደት ሆነ። ችሎቱ ዳኞች በሕግ ያልተጻፈውን ከሸሪዓ እንዲሞሉ በሚፈቅድ አንድ ሕግ ተደገፈ፤ ለማስረጃም ያንን የ1968 የሸሪዓ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጠቀሰ። ተከሳሹ ስለ ክህደት በዚህ ችሎት ተከሰው አያውቁም፤ መከላከያ አላቀረቡም፤ አንድም ምስክር አልተሰማም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ደግሞ፣ ከሁዱድ ወንጀሎች (በሸሪዓ ቅጣታቸው ከተወሰነ፣ ክህደትም ከሚቆጠርባቸው ወንጀሎች) በቀር፣ ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ባለፈ ሰዎች ላይ ሞት እንዳይፈረድ ይከለክል ነበር። ጣሃ ከ70 በላይ ነበሩ። ክሱ በይግባኝ መለወጡ ይህንንም በር ዘጋው።

ጥር 17 ኒሜሪ ፍርዱን ማጽደቃቸውን ለሕዝብ አስታወቁ። ዓርብ ጥር 18 ጠዋት ጣሃ በሰሜን ካርቱም በኮበር እስር ቤት ግቢ ብዙ ሕዝብ በተገኘበት ተሰቀሉ። አስከሬናቸው በሄሊኮፕተር ተወስዶ ባልታወቀ ቦታ ተቀበረ። በራሪ ወረቀቱ ከተበተነበት እስከ ስቅላቱ ያለው ጊዜ 24 ቀን ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ ለመርማሪ ፖሊስ የሚሰጠው የአንድ ጊዜ ቀጠሮ ርዝመት 14 ቀን መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ፣ ፍጥነቱ ምን ማለት እንደሆነ መግለጽ አያሻም። አራቱ ተከታዮች ሦስት ቀን ተሰጥቷቸው፣ ቀኑ ሳያልቅ በቴሌቪዥን ቀርበው እምነታቸውን እንዲክዱ ተደረጉ።

አን-ናኢም ይህ ሁሉ ሲሆን ከእስር ከወጡ ወር አልሞላቸውም። ኒሜሪ ሚያዝያ 6 ቀን 1985 በሕዝባዊ አመፅ ወረዱ፤ አን-ናኢም በዚያው ወር አገር ለቀቁ። በስደት መጀመሪያ ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱ የመምህራቸውን ዋና መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ነበር፤ በ1987 በሲራክዩዝ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ። በመግቢያው ላይ የጻፉት የፍርድ ሂደት ትረካ የወንጀል ሥነ ሥርዓት መምህር ትረካ ነው። ሐዘኑን በአንቀጽ፣ በቀን፣ በችሎት ሥልጣን ቋንቋ ነው የሚያስቀምጡት። ለዚህ ጸሐፊ ያ ጽሑፍ ከየትኛውም ሙሾ ይልቅ ልብ ይነካል፤ ገዳዮቹ ራሳቸው ያወጡትን ሕግ እንኳ እንዳልጠበቁ ገጽ በገጽ ያሳያልና።

የጣሃ ልጅ አስማ ማሕሙድ ከሌላ የሪፐብሊካኖቹ አባል ጋር ሆና ጉዳዩን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደችው። በ1986 ኅዳር 18 ፍርድ ቤቱ በ1985 የተሰጡትን ፍርዶች ዋጋ ቢስ ናቸው ብሎ ሻረ። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ባልቀረበ ክስ መፍረዱና ተከሳሾቹ የመሰማት መብታቸውን መነፈጋቸው ከውሳኔው ምሰሶዎች መካከል ናቸው። ሟቹን የሚመልስ ፍርድ አልነበረም። የሱዳን ዳኞች ግን ሂደቱ ከተበላሸ ፍርዱ ፍርድ እንዳልሆነ በግልጽ ጽፈው አለፉ። የዐረብ የሰብአዊ መብት ድርጅትም ጥር 18ን የዐረብ የሰብአዊ መብት ቀን አድርጎ መረጠ።

ይህ ድል ግን የሥነ ሥርዓት ክርክር ብቻውን የት ድረስ እንደሚሄድም ያሳያል። በ1989 ሰኔ ኦማር አል-በሺር ሥልጣን ያዙ፤ የመንግሥቱ የአስተሳሰብ መሪ ሐሰን አል-ቱራቢ ነበሩ። በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 126 ክህደትን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎ በግልጽ ጻፈ። በ1985 ዳኞቹ ከሕግ ውጭ የፈለጉትን ከዚያ ወዲህ ከሕግ ውስጥ ማግኘት ይችሉ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያሳየውን ክፍተት ሕግ አውጪው በብዕር ሞላው። አን-ናኢም በ1990 ባሳተሙት ስለ እስላማዊ ተሐድሶ በሚያወሳው መጽሐፋቸውና በ2008 ስለ እስልምናና ስለ ዓለማዊ መንግሥት በጻፉት የሚከራከሩት ለዚህ ነው፤ መንግሥት ሸሪዓን በሕግ ኃይል ማስፈጸም የለበትም፤ በግድ የሚፈጸም እምነት የሃይማኖቱን ትርጉም ያጠፋዋል ይላሉ። ከካሊፎርኒያ እስከ ካናዳ፣ ከኡፕሳላ እስከ ካይሮ ከዞሩ በኋላ ከ1993 እስከ 1995 የሂውማን ራይትስ ዎች የአፍሪካ ክፍል ዳይሬክተር ሆኑ፤ ከ1995 ጀምሮ በአትላንታ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ።

በሂውማን ራይትስ ዎች ያዩት ነገር አዲስ ጥያቄ አስነሳባቸው። የአንድ አፍሪካዊ እስረኛ መፈታት የምዕራብ መንግሥታት በሚያሳድሩት ጫና ላይ ከተንጠለጠለ፣ መብቱ የራሱ ሕዝብ መብት መሆኑ የት ላይ ነው? ይህን ጥገኝነት በብዙ ጽሑፎቻቸው ነቅፈዋል። ብዙ ሱዳናውያን ጠበቆች ግን እስር ቤት ላለ ሰው የነገው የባህል ለውጥ ምን ይጠቅመዋል ብለው ይመልሳሉ። ክርክሩን በሁለት የካርቱም ጉዳዮች መፈተን ይቻላል።

በ2009 ሐምሌ ጋዜጠኛዋ ሉብና ሁሴን ከሌሎች ሴቶች ጋር ካርቱም በአንድ ምግብ ቤት ተያዘች፤ ጥፋቷ ሱሪ መልበስ ነበር። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 152 እስከ 40 ግርፋት ያስፈርድ ነበር። አብዛኞቹ የተያዙት ሴቶች ጥፋተኛ ነን ብለው አሥር አሥር ተገርፈው ወጡ። ሉብና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለምትሠራ ያለመከሰስ ከለላ ነበራት፤ ችሎቱ እንዲካሄድ ብላ ሥራዋን ለቀቀች። የመጋበዣ ካርድ አሳትማ ሰው ወደ ችሎቷ ጠራች። የ500 የሱዳን ፓውንድ ቅጣት ተጣለባት፤ አልከፍልም ብላ እስር ቤት ገባች፤ የጋዜጠኞች ማኅበር ከፍሎ አስወጣት። የፍርድ ሂደቱ ለሕዝብ ግልጽ ይሁን የሚለውን መርህ ከሷ የበለጠ ያስተማረ ሰው ማግኘት ይቸግራል።

መርየም ኢብራሂም ደግሞ ለእኛ ቅርብ ናት። አባቷ ሱዳናዊ ሙስሊም፣ ያሳደገቻት እናቷ ኢትዮጵያዊት የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ናት። ክርስቲያን ባል አግብታ ሳለ ዘመዶቿ ነን ባዮች ከሰሷት። አንድ የካርቱም ፍርድ ቤት አባቷ ሙስሊም ስለሆነ አንቺም ሙስሊም ነሽ አላት፤ ንስሐ እንድትገባ ጥቂት ቀን ሰጣት፤ እኔ መቼም ሙስሊም ሆኜ አላውቅም አለች። ግንቦት 15 ቀን 2014 በክህደት የስቅላት ሞት፣ በዝሙት መቶ ግርፋት ተፈረደባት። ግንቦት 27 ኦምዱርማን በሚገኘው የሴቶች እስር ቤት፣ እግሯ በሰንሰለት እንደታሰረ ሴት ልጅ ወለደች። ዓለም ጮኸ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት ሰኔ 23 ፍርዱን ሽሮ ለቀቃት። በማግስቱ አውሮፕላን ማረፊያ እንደገና ተያዘች፤ ሐምሌ 24 ሮም ገባች። ጠበቆቿ ሱዳናውያን ነበሩ፤ የማስፈራሪያ መልእክት እየደረሳቸው ነው የተከራከሩት። የውጭው ጩኸት ብቻ አወጣት የሚለው ትረካ እነዚህን ሰዎች ይረሳል፤ አን-ናኢም የሚሉትም በመሠረቱ ይህንኑ ነው።

ስማቸው ሳይታወቅ ያለፉት ግን እጅግ ብዙ ናቸው። ካርቱም የኖረ ሐበሻ ከሻ ሲባል ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ፖሊስ ድንገት ሰፈር ዘግቶ ያገኘውን ሁሉ የሚያፍስበት ነው። ከመንገድ ዳር ሻይ የሚሸጡ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን፣ አረቄ የሚያወጡ የደቡብ ሱዳን ሴቶች ወደ ሕዝባዊ ሥርዓት ፍርድ ቤቶች ይወሰዱ ነበር። እዚያ ችሎቱ ፈጣን ነበር፤ ጠበቃ አልነበረም፤ ግርፋቱ በዚያው ቀን ሊፈጸም ይችል ነበር። በ2014 መጀመሪያ ደግሞ፣ ነፍሰ ጡር ሳለች ኦምዱርማን ውስጥ በቡድን የተደፈረች አንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት፣ ድርጊቱ የሚታይበት ቪዲዮ ከተሰራጨ በኋላ ራሷ ተከሳሽ ሆነች። በወንጀል ምርመራ ላይ ያለች ስለሆነ የመደፈር አቤቱታ ማቅረብ አትችልም ተባለች፤ በአስነዋሪ ድርጊት ጥፋተኛ ተብላ በገደብ እስራትና በገንዘብ ተቀጣች። ተበዳይን ቀድሞ ተከሳሽ በማድረግ አፍ መዝጋት የሥነ ሥርዓት ሕግ ሊያመጣው የሚችለው የመጨረሻው ክፋት ነው። ይህን መዝገብ ያለ ቁጣ ማንበብ አይቻልም።

የጋዜጦቹ ነገር ሌላ መልክ ነበረው። የ2005ቱ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ያውቅ ነበር። የ2010 የብሔራዊ ጸጥታ ሕግ ግን አንድን ሰው ያለ ዳኛ እስከ አራት ወር ተኩል ማሰር ይፈቅድ ነበር፤ በኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ ለምርመራ ከፈቀደው አራት ወር ጋር ሲተያይ ቁጥሩ ይቀራረባል፤ በእኛ ቢያንስ በወረቀት ዳኛ ነበረበት። የጸጥታ መሥሪያ ቤቱ ጋዜጣ የሚወርሰው ከታተመ በኋላ ስለነበር አሳታሚው የወረቀቱንም የማተሚያውንም ዋጋ ይከስር ነበር። በ2015 የካቲት 16 በአንድ ቀን የ14 ጋዜጦች እትም ተወሰደ። ክስ የለም፣ ውሳኔ የለም፣ ይግባኝ የሚባልበት ነገር የለም።

በዚያው ሰሞን ኮበር ውስጥ አንድ ሌላ የሕግ ሊቅ ነበሩ። አሚን መኪ መደኒ እንደ አን-ናኢም በኤዲንብራ ተምረው በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተማሩ፣ በ1985 የሽግግር መንግሥት ሚኒስትር የሆኑ፣ ከበሺር መምጣት በኋላ ታስረው የተሰደዱ፣ ለተባበሩት መንግሥታት በብዙ አገር የሠሩ ሰው ናቸው። በ2014 ታኅሣሥ 3 ቀን አዲስ አበባ ላይ ተቃዋሚዎች የሱዳን ጥሪ የተባለውን ሰነድ ሲፈርሙ መደኒም ፈረሙ። ካርቱም በተመለሱ በቀናት ውስጥ፣ ታኅሣሥ 6 ሌሊት፣ ከፖለቲከኛው ፋሩክ አቡ ኢሳ ጋር ተያዙ። ኋላ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 50 እና 51 ተከሰሱ፤ ሁለቱም እስከ ሞት ያስቀጣሉ። ወረቀት ላይ ስም በማኖር የመጣ ክስ ነው። በ2015 ሚያዝያ 9፣ ምርጫው ሊካሄድ ቀናት ሲቀሩት፣ የፍትሕ ሚኒስትሩ ክሱ እንዲቋረጥ አደረጉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያለ ክስ መታሰርን የተቃወሙት መደኒ፣ በነጻ የመሰናበት ፍርድ እንኳ ሳያገኙ በሥልጣን ፈቃድ ወጡ። በ2018 ነሐሴ አረፉ፤ የበሺርን ውድቀት ሳያዩ።

ቱራቢስ? በ1999 ከበሺር ጋር ተጣሉ፤ በ2001 ታሰሩ፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ ጊዜ ገብተው ወጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክስ። በ2006 ስለ ሴቶች ምስክርነትና ጋብቻ በሰጡት አስተያየት ምክንያት ሃይማኖት አዋቂዎች በክህደት ይጠየቁልን ብለው ተነሱባቸው። በ2016 መጋቢት ሞቱ። ስለ አስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን የተመራመረ ሰው፣ ያ ሥልጣን በማንም እጅ ያለ ልጓም መቀመጥ እንደሌለበት ማወቅ ነበረበት ማለት ግፍ አይሆንም።

በ2019 ሚያዝያ በሺር ሲወርዱ ጉዳዩ ወደ ፋኩልቲው ተመለሰ። የፍትሕ ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ነስረዲን አብዱልባሪ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተማሩ ናቸው። በዚያው ዓመት ኅዳር የሕዝባዊ ሥርዓት ሕጉ ተሻረ። በ2020 ሐምሌ በወጣው ማሻሻያ አንቀጽ 126 ተነሳ፤ በምትኩ ሌላውን ሰው ከሃዲ ብሎ መፈረጅ ወንጀል ሆነ፤ ግርፋት ለብዙ ወንጀሎች ቀረ፤ የሴት ልጅ ግርዛት ተከለከለ። መፈረጅን ወንጀል ማድረጉ ራሱ ሌላ ንግግርን በወንጀል ሕግ መያዝ ነው፤ ይህ ጸሐፊ አልተዋጠለትም። የጣሃን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ግን ሕግ አውጪዎቹ ምን እንደፈሩ ይገባዋል። አንቀጽ 50 እና 51 በቦታቸው ቀሩ። ትልቁ ስሕተት ያ ነበር።

በ2021 ጥቅምት 25 ወታደሩ ሽግግሩን አፈረሰ፤ በ2023 ሚያዝያ 15 በጦሩና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ተነሳ። በዚያው ወር የኮበር እስረኞች ወጡ፤ ዩኒቨርሲቲውና ፍርድ ቤቶቹ የጦር ሜዳ ሆኑ። ጦሩ በ2025 መጋቢት ካርቱምን ሲያስመልስ፣ ከፈጥኖ ደራሹ ጋር ተባብራችኋል የሚሉ ክሶች በየፍርድ ቤቱ በረከቱ። የሚጠቀሱት አንቀጾች መደኒ የተከሰሱባቸው ያው 50 እና 51 ናቸው፤ የሞት ፍርዶችም ተሰጥተዋል። ከተከሳሾቹ መካከል ጦርነቱን የተቃወሙ፣ በየሰፈሩ ሕዝብ ያበሉና ሕሙማን ያከሙ አሉ። ለእነዚህ ሰዎች አሁን አስቸኳይ የሆነው፣ ችሎታቸው በይፋ መታየቱ፣ ጠበቃ ሳይፈራ መቆሙ፣ ይግባኙ ሲታይ አዲስ ክስ አለመጨመሩ ነው። የ1986ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በእጃቸው ያለ የሱዳን ሕግ ስለሆነ፣ ጠበቆቻቸው ሊጠቅሱት ይችላሉ።